ከላይ ይጣፍ ወይስ ከውስጥ

ሐምሌ 24 ቀን 2006፣ ሐሙስ

እስከ ዙህር ሶላት የወጣ፦ አትላስ ዘጠኝ ጣቃ፣ ፖፕሊን አራት ተኩል፣ ሻሽ ሁለት ደርዘን። ጥቁሩን የከፋይ ጨርቅ ማንም አልጠየቀም። ሸዋል ኢድ ሲቃረብ ሁሌም እንዲህ ነው። ሴቶቹ ከረመዳን በኋላ ያለውን ስድስት ቀን እየጾሙ ይገዛሉ፤ ሲጾሙ ደግሞ ክርክራቸው ያጥራል። ለነጋዴ ደህና ሳምንት ነው።

የእኔ ሐሳብ ግን ሌላ ቦታ ነው። ትናንት ከዐስር ሶላት በኋላ የሐጅ ትምህርት ላይ ኡስታዙ ስለ ኢሕራም አስረዳን። ለወንድ ሁለት ነጭ ጨርቅ፤ አንዱ ከወገብ በታች፣ አንዱ ትከሻ ላይ። ለአካል ተለክቶ የተሰፋ ነገር ከሥሩ አይለበስም። ሰዉ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ፤ ይህን የማያውቅ የለም። እኔም አውቀው ነበር። የገባኝ ግን እጄ ሳላስበው ሽርጤ ሥር ወዳለው ቀበቶ ሲሄድ ነው።

ቀበቶው የተሰፋ ነው። የሰፋው ቃሲም ነው፤ እዚሁ በሐረር ሰፊዎች መንገድ፣ መኪና ግርግር፣ ከሱቄ ፊት ለፊት ልብስ የሚሰፋው ጎረቤቴ። አምና የቀኝ ብሽሽቴ ላይ እንቁላል የሚያህል ነገር ብቅ ማለት ሲጀምር የነገርኩት ለእሱና ለሚስቴ ለነፊሳ ብቻ ነው። ቃሲም ወፍራም ጨርቅ ላይ ትንሽ ትራስ ሰፍቶ፣ ማሰሪያ ገጥሞ፣ «ይኸው፣ የግመል ጭነት ቢሆን ይይዛል» ብሎ ሰጠኝ። ያዘም። ጠዋት ተኝቼ ወደ ውስጥ እገፋውና አስረዋለሁ፤ ማታ ስፈታው ይወጣል። መስጊድ ውስጥ የመጨረሻው ሰልፍ ጥግ ላይ ቆሜ፣ ለስግደት ሱጁድ ስወርድ በእጄ እደግፈዋለሁ። እንዲህ እያልኩ ዓመት አለፈ።

ሐጁ የእኔ ብቻ ቢሆን ለከርሞ አሳልፈው ነበር። እናቴ ሰባውን አልፋለች፣ ጉልበቷ እየከዳት ነው። ወረቀቱ ላይ መሕረሟ፣ ሴት ያለ እሱ ለሐጅ የማትሄደው የቅርብ ዘመድ፣ እኔ ነኝ። ወንድም የለኝም፣ አጎቶቼም አልፈዋል። እኔ ከቀረሁ እሷም ትቀራለች። በሚመጣው ዓመት መቆም ትችል እንደሆነ አላህ ነው የሚያውቀው። በረራው መስከረም አጋማሽ ሳይደርስ ነው። ወንበር ላይ አስቀምጬ ልገፋት ነበር ሐሳቤ።

ዛሬ ጠዋት ኡስታዙን ፈላና በር አጠገብ አገኘሁትና ዘወር አድርጌ ጠየቅኩት። «አንድ ጓደኛዬ የብሽሽት ሕመም አለበት፣ የተሰፋ ቀበቶ ያስራል…»

«ለታመመ ሰው ፈቃድ አለው፤ ማካካሻውን ከፍሎ ያስራል» አለ።

ደስ አለኝ።

«ግን ጓደኛህ በዚያ ግፊያ መሐል ምን ሊሠራ ነው?»

«እናቱን በወንበር ይገፋል።»

ፊቴን ትንሽ ቆየት ብሎ አየው። «ለጓደኛህ ሰላም በልልኝ። መጀመሪያ ሐኪም ይየው።»

ነገ ሐኪም ጋ።

ሐምሌ 25፣ ዓርብ

ሐኪሙ ዶክተር ዮናስ ይባላል። የሐረር ልጅ ነው፤ እናቱ ከአባቴ ሱቅ ነበር የምትገዛው፤ እስክሪብቶውን ሳያነሳ ይህን ነገረኝ። ከዚያ አቁሞ «እስቲ ይሳሉ» አለኝ። ሳልኩ። ወጣ። በሁለት ጣቱ መለሰው። ግራውንም አየ፤ ግራው ደህና ነው።

የገባኝን እጽፋለሁ፣ እንዳይጠፋብኝ።

ሄርኒያ ይባላል። የሆድ ግድግዳ ሳስቶ ተከፍቷል፣ አንጀት በዚያ ይወጣል። ክኒን የለውም። ቀበቶውም ይሸፍናል እንጂ አያድንም። አንድ ቀን ወጥቶ አልመለስ ካለ፣ ከጠነከረ፣ ካስመለሰኝ፣ ነገ ማለት የለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል።

የሚሠራበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው እዚህ ይሠራል፤ ብሽሽቱ ላይ በቢላ ይከፈታል፣ አንጀቱ ወደ ቦታው ይገባል፣ በላዩ መረብ ይሰፋል። ማደንዘዣው ከወገብ በታች ብቻ ነው፣ ሰው ነቅቶ ይተኛል። ሁለተኛው በካሜራ ነው። ሆድ ላይ ሦስት ትንንሽ ቀዳዳ፣ በአንዱ ካሜራ፣ በሁለቱ መሣሪያ ገብቶ መረቡ ከውስጥ፣ ከግድግዳው በስተኋላ ይነጠፋል። ሙሉ ማደንዘዣ ይፈልጋል። ያ ያለው አዲስ አበባ ነው።

«የቱ ይሻላል?» አልኩት።

«በመጀመሪያዎቹ ቀናት የካሜራው ሕመም ይቀንሳል፣ ቶሎም ወደ ሥራ ይመልሳል። በሁለቱም በኩል ላለበት ወይም ተሠርቶ ለተመለሰበት ሰው እሱን እመርጣለሁ። የእርስዎ በአንድ በኩል ነው፣ የመጀመሪያም ነው። በደንብ ከተሠራ ሁለቱም ይይዛል።»

ይህ የሻጭ መልስ አይደለም። ሻጭ አንዱን ያሞግሳል። ሰውየውን ወደድኩት፣ መልሱን ግን አልወደድኩትም፤ ምክንያቱም ምርጫውን መልሶ ለእኔ ጣለው።

መረቡን ልይ ብዬ ጠየቅኩ። ሳቀ። ጊዜው ያለፈበት አንድ ከመሳቢያ አውጥቶ ሰጠኝ። የአልጋ አጎበር ይመስላል፣ ወፈር ያለ። በቁመቱ ስስበው ይሰጣል፣ በጎኑ አይሰጥም። «በየትኛው በኩል ነው የምታነጥፉት?» ብለው «ሠላሳ ዓመት ጨርቅ የነካ ሰው ብቻ ነው ይህን የሚጠይቀኝ» አለ። «ይውሰዱት፣ ለሰው አይሆንም።»

ከጁምዓ በኋላ መረቡን ለቃሲም አሳየሁት፣ ሁለቱንም መንገድ ነገርኩት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አሽቶ፣ አሽትቶ፣ ወደ ብርሃን አንስቶ አየው።

«ይህማ ምን ያከራክራል? ሱሪ ጉልበቱ ላይ ሲቀደድ ከላይ የጣፍኩት ይላጣል። ከውስጥ የጣፍኩት ሱሪው አልቆ እሱ ይቀራል። ከውስጥ የሚለውን ያዝ።»

እኔም እንዲሁ ነበር የሚመስለኝ።

ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ

የወጣ፦ አትላስ አሥራ አንድ ጣቃ፣ ሌላውን ገና አልቆጠርኩም። ከፋዩን አንዲት ሴት ነካችው፣ ተወችው።

ዛሬ የተሠሩትን ሁለት ሰዎች ጠየቅኩ። ዕቃ ሳመጣም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ የገዛውን ሰው እጠይቃለሁ።

ሐጂ ሙሜ ሸዋ በር ላይ የጫማ መደብር አለው። ሁለት ዓመት ይሆነዋል፣ አዲስ አበባ ሄዶ በካሜራ ነው የተሠራው። ደንበኛ እስኪወጣ ጠብቆ ሸሚዙን ገልጦ አሳየኝ። ሦስት ነጥብ፣ የትንኝ ንክሻ የሚያክል። በሳምንቱ ሱቁን ከፍቷል።

«ሕመምስ?»

«ወላሂ ሆዴን ወግተው ያመመኝ ትከሻዬ ነው! ሆድህን በአየር ይነፉታል፣ ያ አየር ወደ ላይ ይወጣል። ሁለት ቀን ትከሻዬን ይዤ ነው የዞርኩት፤ የጠየቀኝ ሁሉ ከግመል ወደቅህ ወይ ይለኛል።»

አንድ ነገር ግን ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመረ። ሐረር ከተመለሰ በኋላ ሆዱ ተነፍቶ አስጨንቆት ነበር። ሲደውል «ይምጡና እንይዎት» አሉት። አውሮፕላን የለም፣ አውቶቡስ ላይ መቀመጥ አይችል። በማግስቱ በራሱ ለቀቀው። «ምንም አልነበረም። ግን ያቺን ቀን አትጠይቀኝ» አለ።

ሁለተኛው ገረመው ነው፤ ከድሬዳዋ ዕቃዬን በሚኒባሱ የሚያመጣልኝ። አምና በግራ በኩል እዚሁ ተከፍቶ ተሠራ፣ በዶክተር ዮናስ እጅ።

«አጅሬ፣ እውነቱን ልንገርህ? ሳምንት ሙሉ እንደ ባልቴት ነው የሄድኩት። መሳቅ ያማል፣ ማስነጠስ ያማል፣ ሽንት ቤት መቀመጥ ያማል። ከጠባሳው በታች ቆዳዬ እስከ ዛሬ ደንዝዟል፣ ቢቆነጥጡኝ አላውቅም።»

«ትጸጸታለህ?»

«ምን አስጸጸተኝ? ቁልቁለት ላይ ያለ ሐሳብ ፍሬን እረግጣለሁ።»

ከዚያ የቃሲም ነገር። እኔ ሳልጠይቀው ሙከራ አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። ሁለት የአቡጀዲ ከረጢት ሰፍቷል፣ ሁለቱም ላይ እኩል ቀዳዳ በስቶ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከውስጥ ጥፎታል። በማሽላ ሞላቸው። የመንገዱ ልብስ ሰፊ ሁሉ የስፌት መኪናውን ትቶ ተሰበሰበ፣ በሻይ ተወራረዱ። ለምን እንደሆነ ለማንም አልነገረም፣ ይህን አከብርለታለሁ፤ «የከረጢት ጥራት ነው የምፈትነው» ነው ያለው። ጉልበተኛ የተባለው ከላይ በቡጢ ሲጫን ከላይ የተጣፈው በአንድ ጎኑ ተተረተረ። ማሽላው መንገዱ ላይ ፈሰሰ፣ የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ መጣ። ከውስጥ የተጣፈው ንቅንቅ አላለም።

«አልነገርኩህም?» አለ ቃሲም ደረቱን ነፍቶ።

ያኔ ልቤ ወሰነ። ወዲያው አዲስ አበባ ደወልኩ። የሚገኘው ቀን ነሐሴ 22 ነው፣ ከዚያ በፊት ወረፋ የለም። አስመዘገብኩ። ጠባብ ነው፣ ከበረራው በፊት ሁለት ሳምንት ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ ግን ሐጂ ሙሜ በሳምንቱ ሱቅ ከፍቷል። እስከዚያ ቀበቶው ይይዛል።

ነፊሳ ሰማችኝና «እስከዚያ አራት ሳምንት አለ» ብቻ አለች።

ሐምሌ 27፣ እሑድ

ዛሬ የወጣውን አልቆጠርኩም።

ገረመው አዲስ ዕቃ አመጣ። ቀበቶዬን ነፊሳ አጥባው አልደረቀም ነበር፤ ለአንድ ቀን ምን ይሆናል ብዬ ሳላስር ወጣሁ። ለሸዋል ኢድ የመጨረሻው ቀን ነው፣ ደንበኛ በሩን ሞልቷል፣ ተሸካሚ ጠፋ። አንዱን ጥቅል ራሴ አነሳሁት።

ወጣ። ሲወጣ አውቀዋለሁ፣ ይሞቃል። ግን የዛሬው ጠንከር ያለ ነበር፤ ስገፋው አልመለስ አለ። ደንበኛዋን «ይቅርታ እህቴ፣ ነገ ነይ» ብዬ ወደ ጓዳው ገባሁ። ቃሲም ፊቴን አይቶ መጣ፣ በሩን ዘጋ። ጣቃዎቹ ላይ በጀርባዬ ተኛሁ፣ እግሬን መደርደሪያው ላይ ሰቀልኩ። ላብ አጠመቀኝ። ዶክተሩ ያለውን በልቤ እደግማለሁ፦ ከጠነከረ፣ ካስመለሰኝ። ጠንክሯል። አላስመለሰኝም። እስካሁን።

ቃሲም «ሚኒባሱ በር ላይ ነው፣ እንሂድ» ይለኛል። እኔ ትንሽ እንጠብቅ እላለሁ። ፈርቼ አልነበረም፤ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቴ በእኔ የተነሳ ቀረች ሲባል። ገረመውን ጥራው ልል አፌን ስከፍት እብጠቱ በራሱ ሸርተት ብሎ ገባ።

አልሐምዱሊላህ። ቃሲም መርፌው ላይ ክር ሊያስገባ ሲሞክር አየሁት፤ ሦስቴ ሳተ።

አራት ሳምንት አይቆይም። ነፊሳ ልክ ነበረች። ግን ቶሎ እዚህ ከተከፈትኩ ወንበሩን እንዴት እገፋለሁ?

ሐምሌ 28፣ ሰኞ፣ ሸዋል ኢድ

ሱቅ ዝግ ነው። ከተማው ወጣቱን ይዞ ወጥቷል፣ ከበሮው እዚህ ድረስ ይሰማል። እናቴ ጾሟን ጨርሳ አዲሱን አትላስ ለብሳለች። ዓሥር ዓመት ቀንሳለች።

ዘመዶች መጥተው ሲሄዱ ብቻችንን ቀረን። የእኛ ቤት እንደ ጀጎል ቤቶች ሁሉ ነው፤ ቀይ የተቀባ ደረጃ ደረጃ መደብ አለው፣ ነደባ እንለዋለን። ከፍ ያለው የአባወራው ነው፣ ከበር ጀርባ ያለው ዝቅተኛው የልጆችና የታናናሾች። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ላይኛው የእኔ ነው። ወደዚያ ስወጣ ግን እግሬን ማንሳት አለብኝ፣ ሳነሳ ብሽሽቴን ይስበኛል። ስለዚህ ከታች መቀመጥ ጀመርኩ። ማንም ልብ ያላለው ይመስለኝ ነበር።

«ቦታህ ላይ ውጣ» አለችኝ።

«እዚህ ይመቸኛል፣ እማ። ነፋስ አለው።»

«ከረመዳን በፊት ጀምሮ ነው ነፋስ የወደድከው?» «አባትህ ታሞ እንኳ እዚያ ይወጣ ነበር። አንተ ግን ከነፊሳ የወንድም ልጆች ጋር በር ላይ ትቀመጣለህ። ዝቅ ያልክበት ሰው የለም፣ የበደልከው የለም። ስለዚህ ሰውነትህ ነው። ምንህን ነው?»

ነገርኳት። ቀበቶውንም፣ የትናንቱንም። አላቋረጠችኝም። መቁጠሪያዋን አስቀመጠች።

«እኔ ጉልበቴን ደብቄህ አውቃለሁ?»

«አታውቂም።»

«ታዲያ!»

ለሁለታችንም የሚበቃ ቁጣ ነበር። ከዚያ የማልጠብቀውን ጠየቀችኝ። «ለምንድን ነው ያን ያህል የቸኮልከው? ለምን እስከ አዲስ አበባ?»

«ቶሎ እንድድን። ወንበርሽን የምገፋው እኔ ነኛ።»

ሳቀች። እውነተኛ ሳቅ፣ ጥርሷ እስኪታይ። «አንተ ልጅ፣ የሄዱት ሁሉ የነገሩኝ እዚያ ወንበር የሚገፋ ሰው ሞልቷል፤ ከፍለህ ትይዛለህ። የሚገፋኝ አላጣም። መሕረም ነው ሌላ የሌለኝ። አጠገቤ በእግርህ ከሄድክ ይበቃኛል።»

እኔ በንግድ እንዲህ አልሳሳትም። ለማይፈለግ ነገር ነበር ዋጋ ስከፍል የቆየሁት፤ ለፍጥነት።

ሐምሌ 29፣ ማክሰኞ

ዶክተር ዮናስ ጋ ሄድኩ። ሁለቱንም ከረጢት ይዤ ነበር፤ ለምን እንደያዝኳቸው አላውቅም፣ ምናልባት ከውስጥ ይሻላል የሚለው ገና ስላልለቀቀኝ ነው። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋቸው፣ የማሽላውን ነገር ነገርኩት። አልሳቀብኝም። አዙሮ አዙሮ አያቸው።

«ጋሽ ኢድሪስ፣ ይህን ልብ ብለዋል?» ጣቱን ከውስጥ በተጣፈው ላይ አስቀመጠ። እራፊው ከቀዳዳው ዙሪያ ሦስት ጣት ይተርፋል። ከላይ የተጣፈው ላይ አስቀመጠ። ግማሽ ጣት።

ጆሮዬ ጋለ። ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ስሸጥ።

«የተተረተረው ከላይ ስለሆነ አይደለም፤ ስለጠበበ ነው» አለኝ። «መረቡ ከቀዳዳው በደንብ አልፎ ጤነኛው ሥጋ ላይ ካረፈ ከፊትም ይይዛል፣ ከኋላም ይይዛል።»

ከዚያ ለማንኛውም አቅራቢ የምጠይቀውን ጠየቅኩት። «እርስዎ ስንቱን ሠርተዋል?»

«በመክፈት መቁጠር ትቻለሁ። በካሜራ ስማር ቆሜ አይቻለሁ፣ በራሴ እጅ አልሠራሁም። አዲስ አበባ ያሉት ግን ደህና አድርገው ይሠራሉ፤ እዚያ ቢሄዱም አልቀየምም።»

«ጉድለት ቢኖርበት ማንን እይዛለሁ?»

«እኔን። ቤቴ የት እንደሆነ እናቴ ለመላው ሐረር ተናግራለች።»

የእሑዱን ነገርኩት። ፊቱ ተለወጠ። ከዚያ በኋላ ስለ ምርጫ አላወራንም። ሐሙስ እዚሁ ይሠራኛል። ለአዲስ አበባ ደውዬ ቀኑን ለሌላ ሰው ልቀቁ አልኩ።

ስመለስ ከረጢቶቹን ቃሲም የስፌት መኪና ላይ ወረወርኩ። «ግማሽ ጣት?»

በጣቱ ለካው። ሆን ብሎ አልነበረም። ሰፊ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚያደርገው፤ ከላይ የሚጣፈው ስለሚታይ ለውበት ይጠባል፣ ከውስጥ የሚጣፈውን ማን ያየዋል ተብሎ በሰፊው ይቆረጣል። እጁ እንደለመደው ሄደ። እኔም ያን ልማድ ስለማውቀው አላየሁትም።

«ለሐኪሙ ንገረው» አለ በመጨረሻ፣ «ለውበት አይጨነቅ በለው። እዚያ ቦታ ማን ሊያይህ ነው?»

«ነፊሳ አለች።»

«ነፊሳ ከአሁን በኋላ ምን ታደርግህ!»

ነሐሴ 2፣ ዓርብ

አለቀ። በእርሳስ እጽፋለሁ፣ ተኝቼ።

ትናንት ጠዋት ገባሁ። ጀርባዬ ላይ ወጉኝ፤ እግሬ የሌላ ሰው ሆነ። ደረቴ ላይ መጋረጃ ጋረዱ። ነቅቼ ነበር። ሲጎትቱ ይሰማኛል፣ ሕመም የለም፤ ሰው ኪሴን የሚፈትሽ ይመስላል። ዶክተሩ «መረቡ ገባ» ሲል ድምፁን ሰማሁት። «ሰፊ ነው?» አልኩ። ነርሷ ሳቀች። «ለውበት አልተጨነቅኩም» አለኝ ከመጋረጃው ማዶ።

ማታ ማደንዘዣው ሲለቅ አመመኝ። አልዋሽም፣ ክፉኛ አመመኝ። ክኒን ሰጡኝ። ዛሬ ያዝ አድርጌ ቆምኩ። ሽንት ወጣ፤ ነርሷ እንደ ምሥራች ነው የተቀበለችው። ዶክተር ዮናስ ፍልሰታ ይዞ ነው፣ ከንፈሩ ደርቋል፤ ቁስሉን አይቶ «ቤትዎ ይሂዱ» አለኝ።

ሐጂ ሙሜ ደወለ፦ «ትከሻህ እንዴት ነው?» ትከሻዬ ደህና ነው።

ነሐሴ 4፣ እሑድ

ዛሬ አፎቻችን መጣ። የሰፈራችን ሰው ለሠርግም ለሐዘንም የሚሰበሰብበት ማኅበር ነው፤ ታማሚ ሲጠይቅም እንደ ሠርግ ነው የሚመጣው። ነደባው ሞላ። እኔ ከታች ፍራሽ ላይ ነበርኩ፣ በፈቃድ።

እንዳታስቁኝ ብዬ ለመንኳቸው። ስህተቴ ያ ነበር። ቃሲም ተነስቶ «ጥያቄ አለኝ» አለ ለኡስታዙ። «ኢሕራም ሥር የተሰፋ ነገር አይፈቀድም። ይህ ሰውዬ ከቆዳው ሥር ተሰፍቶ ነው የሚሄደው። እንዴት ነው?»

ኡስታዙ ጢሙን ዳበሰ። «የለበሰው ሳይሆን ያለበሱት ነው። ይፈቀዳል። ቀበቶውን ግን ይተወው… ለጓደኛው ይስጠው።»

ትራስ ቁስሌ ላይ አቅፌ ሳቅኩ፣ አለቀስኩ፣ ሳቅኩ። ገረመው ከበሩ «አላልኩህም!» ይላል።

እስካሁን ያለው፦ ሲነሱ ያማል፣ ሲያስሉ ያማል፣ ሲተኙ አያምም። ከቁስሉ በታች መዳፍ የሚያህል ቆዳ ደንዝዟል። ትንሽ እብጠት አለ፣ ዶክተሩ የሚጠበቅ ነው ብሎኛል። የሐጂ ሙሜ ሦስት ነጥብ አላስቀናኝም አልልም። በካሜራው ቢሆን በሳምንቱ ሱቅ እሆን ነበር ይሆናል። ግን ማለዳ ቁስሉ ቀላ ብሎ ሲያስጨንቀኝ ነፊሳ ደወለች፣ ዶክተሩ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ በእግሩ ጎራ አለ። አየው፣ ደህና ነው አለ፣ ሄደ። ሐጂ ሙሜ ያቺን ቀን አትጠይቀኝ ያላት ቀን ለእኔ ሻይ እስኪፈላ ነው የቆየችው።

ነሐሴ 7፣ ረቡዕ

ሱቅ ነፊሳ ናት። የወጣ፦ ፖፕሊን ሁለት ጣቃ፤ እና ጥቁሩ ከፋይ፣ ሙሉው! እንዴት እንደሸጠችው ጠየቅኳት። «ከመደርደሪያው አውርጄ በር ላይ ሰቀልኩት» አለች። አመሰገንኳት።

ሁለት ቀን ነው ከእናቴ ጋር ጠዋት ጠዋት መሄድ ከጀመርን። ዶክተሩ ሂድ ብሎኛል፤ ኡስታዙም እሷን ከወንበር ውጭ ለምትቆምበት ጊዜ ተለማመጂ ብሏታል። እሷ በከዘራ፣ እኔ እጄን ብሽሽቴ ላይ አድርጌ። ከቤታችን ተነስተን በጠባቡ መንገድ ወደ ፈላና በር። ትናንት ግማሹ ላይ ተመለስን። ዛሬ በሩ ድረስ ደረስን። ዳገቱ ላይ ወደኋላ የቀረሁት እኔ ነኝ። ጥግ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ፣ ከዘራዋን ተደግፋ፣ ሠፈርተኛው እያየ።

«በርታ እንጂ» አለችኝ። «መካ ላይም እኔው ልጠብቅህ ነው?»

ስንመለስ ነደባው ሥር ቆምኩ። እግሬን አነሳሁ። ሳበኝ፣ ግን የቁስል መሳብ ነው እንጂ የበፊቱ አይደለም። ከፍ ያለው ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። እናቴ መቁጠሪያዋን አንስታ ዱዓዋን ቀጠለች።

ይይዛል ወይ? ዶክተሩ ይይዛል ይላል፣ ከባድ ነገር ግን እስከ በረራው እንዳላነሳ አጥብቆ ነግሮኛል። የሚያነሳ ሰው ከሸዋ በር እቀጥራለሁ።

ነገ፦ ሦስት ሰዓት ላይ ስፌት ማስፈታት። ከዚያ እናቴን ለሐጅ ክትባት መውሰድ። ስመለስ ከነጩ ጨርቅ ለኢሕራሜ ሁለት መቁረጥ፤ ራሴ፣ በሰፊው፣ ጠርዙ ሳይሰፋ።